ሐዘን የመሰላቸው ሻሽ

እማዬ፣ የእኔ ኮረሪማ፣

«እንደምን ከርመሻል» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ። እንዲያው ስምሽን ብቻ ልጥራ። እማዬ። ከተለየሽን ዓመቱ ሞልቶ፣ አልፎ፣ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቦንጋን ታውቂያታለሽ፤ ክረምትና በጋ የሚባለው ለሌላ አገር ሰው ነው፣ እኛ ዝናቡ ትንሽ ትንፋሽ ሲወስድ በጋ እንለዋለን። መቃብርሽ ላይ የተከልነው አበባ ዝናቡን እየጠጣ ከልኩ በላይ አድጎ ስምሽን ሸፍኖት ነበር። አባዬ ባለፈው እሁድ በልብስ መቀሱ ከረከመው። ወረቀት ቆረጣችሁበት ብሎ ቤት ያምስ የነበረው ሰው ነው እንግዲህ።

እሱ ደህና ነው። አሁንም ገበያው ዳር በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውላል። ሽሮ መሥራት ተምሯል። ጨው መጨመሩን ይረሳና ደግሞ ይጨምራል፤ እኔም ዝም ብዬ እበላለሁ፣ ውኃዬን እጠጣለሁ። ከአልጋሽ በላይ የሚያንጠባጥበው ቆርቆሮ ተቀየረ። ዕድሜ ልክሽን ሳፋ ስትደቅኚበት የኖርሽው ቀዳዳ በአንድ ከሰዓት ተደፈነና ሳፋው ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሞባይል የሚሉት ነገርም ከተማችን ገብቷል። ኔትወርክ ፍለጋ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ሽቅብ ይዞ ዳገት ላይ ስለሚንጠራራ አንቺ ብታዪው ምሕላ ላይ የወጣ ነበር የሚመስልሽ። ገበያ ውስጥ መደብሽን አንዲት የሺሺንዳ ሴት ይዛዋለች። ኮረሪማና ጥምዝ ነው የምትሸጠው፣ እንዳንቺ። መልካም ሴት ናት፣ ሰላምታዋም ደስ ይላል፤ ብቻ በዚያ ሳልፍ አንገቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ይኼን ሁሉ የማወራልሽ ዋናውን ነገር ለመጀመር ስለፈራሁ ነው። የምጽፍልሽ ስለ ፀጉሬ ነው፣ እማዬ። አትሳቂ።

ሹሩባ የምትሠሪልኝ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። አንቺ ዱካሽ ላይ፣ እኔ ከእግርሽ ሥር ሰሌን ላይ፣ ጀርባዬን ለጉልበትሽ ሰጥቼ። እጅሽ የቱንም ያህል በሳሙና ቢታጠብ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ሚዶውን በከንፈርሽ ይዘሽ ስለምታወሪ ግማሹ ወሬሽ አይገባኝም ነበር፣ ግን እሺ፣ እሺ እላለሁ። ደግሞ አጠባበቅሽ! ዓይኔ ወደ ጆሮዬ እስኪሳብ ነበር የምትጎትችኝ። ስጮህ «ቻይው፣ ለሳምንት ነው የምሠራልሽ» ትይኝና ትንሽ ትራሪያለሽ፣ ደግሞ ትጎትቻለሽ። የሰፈሩም ልጆች በበዓል ዋዜማ ደጃፋችን ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። እንዳንቺ የሚጠብቅ እጅ ቦንጋ ላይ አልነበረም።

ያንቺ ፀጉርማ ለብቻው ታሪክ ነው። ስትፈቺው ወገብሽን አልፎ ይወርድ ነበር። አባዬ የስፌት መኪናውን ይዞ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረው በፀጉርሽ ተይዞ ነው እያሉ ሲያሟችሁ፣ እሱ አይክድም፣ ይስቃል።

የእኔው መሳሳት የጀመረው የጽሕፈት ሥራ ትምህርቴን ጨርሼ መሥሪያ ቤት በገባሁ በዓመቱ ግድም ነው። በፊት ማበጠሪያው ላይ ታየ። ቀጥሎ ትራሴ ላይ። ከዚያ መሐል አናቴ ላይ ያለው መስመር እየሰፋ መጣና፣ የአባዬን መስታወት ከኋላ፣ ያንቺን ከፊት ይዤ ራሴን ሳየው የራስ ቅሌ ቆዳ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ። አንቺ ግን ከእኔ በፊት አይተሽው ኖሯል፤ በእጅሽ ነበርና የምታውቂኝ።

ያልሞከርነው ምን አለ? ሬት ቀባሽኝ። የጉሎ ዘይት ቀባሽኝ። ሽንኩርት ጨምቀሽ ስትቀቢኝ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማን ነው ወጥ የሠራው ተባለ፤ እኔም አብሬ ማን ይሆን አልኩ። ጸበል ተጠመቅሁ። ከሁሉ ከሁሉ የማርና የቅቤው ቀን አይረሳኝም። አክስቴን አየለችን ልንጠይቅ ማንኪራ ልንሄድ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ እግረ መንገዱን ይሥራ ብለሽ አናቴን በለጋ ቅቤና በማር ለወስሽው፣ ፌስታል አለበስሽኝ፣ ላዩ ላይ ሻሽ አሰርሽልኝ። የምንሄድበት አገር ዛፉ ሁሉ ቀፎ የተሰቀለበት መሆኑ ሁለታችንንም አልታወሰንም። የንብ አርቢ ልጅ ሆነሽ! ጫካው ውስጥ ገና ትንሽ እንደሄድን አንድ ንብ መጣች፣ ቀጥሎ ዘመዶቿ። ማሩ በሙቀቱ ቀልጦ ጆሮዬ ሥር ይወርድ ነበር። «ሩጪ!» ስትይኝ ሮጥኩ፣ አንቺም ሮጥሽ፣ ወንዙ ውስጥ ከነልብሴ ገባሁ። አንቺ ዳር ላይ ቁጭ ብለሽ ሆድሽን ይዘሽ ስትስቂ እንባሽ ይወርድ ነበር። እኔም ከውኃው ሳልወጣ ሳቅኩ። ስለ ፀጉሬ ከሳቅንበት ቀን ሁሉ ያ የመጨረሻው ይመስለኛል።

አክስቴ ቤት እንደ ረጠበች ድመት ሆኜ ስደርስ ተቆጣችን። «ማር ይበላል፤ ይቀባል ያላችሁ ማነው?» አለች። ሻሹን አውልቄ ራሴን ሳደርቅ ግን አናቴን አየች። የራሷን ሻሽ ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እንጨት ልታመጣ መሰለኝ። ልብ አላልኩትም፣ አንቺም ልብ አላልሽውም።

ከዚያ ጅማ ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ቸኩሏል፣ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። አናቴን በባትሪ አየና ወዳንቺ ዞሮ «በቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀሽ። አንቺ ደግሞ ነጠላሽን ወደ ኋላ ገፋ አድርገሽ ያን ፀጉርሽን አሳየሽው። «በእኛ ቤት? በእኛ ቤት ፀጉር ሞልቶ ተርፎ!» አልሽ። ኮርተሽ ነበር። እሱም ከመሰለው አንዱን መንገድ ዘጋና ወደ ሌላው ሄደ፤ «ሹሩባ አጥብቃችሁ ትሠራላችሁ?» አለ። እኔ «አይ» ለማለት አፌን ስከፍት አንቺ «አዎ» አልሽ። «እኔ ነኝ የምሠራላት።» ሲጠብቅ ሥሩን ይነቅለዋል፣ ከዚያ ነው የመጣው፣ ይተው አለ ሐኪሙ። ከመሐል አናቴ የጀመረ ነገር ዳር ላይ በሚጎተት ሹሩባ እንዴት እንደሚመጣ አንዳችንም አልጠየቅነውም። ሐኪም ነዋ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እጆችሽን ጭንሽ ላይ ዘርግተሽ ታዪያቸው ነበር። እንግዳ እጅ መጥቶ የተቀመጠብሽ ይመስል ነበር። «እማዬ፣ ሐኪሞች አጠገባቸው ያለውን ሁሉ ጥፋተኛ ሳያደርጉ መድኃኒት አይጽፉም» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። አልሳቅሽም።

የሚቀጥለው እሁድ ሰሌኑን አነጠፍኩና ቁጭ አልኩ። አንቺ ጓዳ ነበርሽ። ጠበቅሁሽ። ስትወጪ እጅሽን በቀሚስሽ እየጠራረግሽ «እጄን ቁርጥማት ይዞኛል» ብለሽኝ ወደ ደጅ አለፍሽ። ከዚያ በኋላ ዱካው ኮረሪማ መፈልፈያ ብቻ ሆነ። የሰፈሩንም ልጆች መለስሻቸው። ልቅም ያለ ልብስ ለብሰው የመጡ ሕፃናት በትንሣኤ ዋዜማ ከደጃፋችን ሲመለሱ አይቼ ልቤ ተሰበረ። ቁርጥማት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኮረሪማውን ስትፈለፍይ እጅሽ ምንም አልሆነም ነበር። እኔም ልለምንሽ ፈራሁ። «የቀረውን እንዳልጨርሰው» ብለሽ ብታለቅሺስ ብዬ።

ስትታመሚ፣ ደም ግፊቱ ግማሽ ጎንሽን ሲይዘው፣ ደህናው እጅሽ ቀኝሽ ነበር። አንድ ቀን ሾርባ ሳጠጣሽ ያን እጅ አንስተሽ አናቴ ላይ ልታሳርፊው ስትይ መንገድ ላይ አስቀረሽው። አየር ላይ ቆየና ብርድ ልብሱ ላይ መለስሽው። አውቄ አናቴን ዝቅ አደረግሁልሽ፤ አንቺ ግን ፊትሽን አዙረሽ ነበር። እማዬ፣ ከሁሉ የበለጠ የሚያመኝ ይህ ነው።

ስትሞቺ እንደ ወጉ ፀጉሬን ተላጨሁ። ከል ለበስኩ፣ አባዬ ራሱ እያለቀሰ ሰፍቶልኝ። ጥቁር ሻሽ አሰርኩ። እና እውነቱን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፤ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል አንድ እፎይታ ተሰማኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሰው ሻሼን ምን ሸፈነች ብሎ አያይም። ሐዘንተኛ ነኛ! የሰፈሩ ሴቶች «ለእናት መሆን እንዲህ ነው» ይላሉ። ሌሎች ልጆቻቸውን በእኔ ይመክራሉ። ዓመትሽ ሲደርስ ከሌን ሊያስወልቁኝ ተሰብስበው መጡ፣ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ሚዶና ቅቤ ይዘው ከፊት። ሹሩባ ሠርተው ከሐዘን ሊያወጡኝ ነው። እኔ ሻሼን በሁለት እጄ ይዤ «ገና ነኝ፣ አልቻልኩም» አልኩ። ሁሉም አለቀሱ። እትዬ ሙሉ ደረታቸውን ይዘው «ይህቺ ልጅ እናቷን ተከትላ ትሄዳለች» አሉ። ቅቤያቸውን ይዘው ተመለሱ። አላለቅስልሽም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ማታ ማታ ኮረሪማ የሚሸተውን ነጠላሽን አፌ ላይ አድርጌ ነበር የምተኛው። ግን ሻሹን የያዘው ሌላ ፍርሃት ነበር።

መሥሪያ ቤትም ነገሩ ግምገማ ደረሰ። ግምገማ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ከሥራ ስመለስ እጮኽብሽ የነበረው በእሱ ተናድጄ ነው። ኃላፊያችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «እኅት ብርቅነሽ በሥራ ሰዓት ከመጠን ያለፈ ሐዘን ታንጸባርቃለች፤ ይህም በተገልጋዩ ላይ አሉታዊ ስሜት ይፈጥራል» አሉ። ምን ልበል? ተገልጋዩን የሚያስከፋው የእኔ ሐዘን ሳይሆን የእሳቸው ቢሮ በር አለመከፈት ነው ልል ነበር። ሂሴን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

አሁን ግርማን ላስተዋውቅሽ። አንቺ አታውቂውም። ቢታ ገነት የግብርና ባለሙያ ነው፣ ለስብሰባ ሲመጣ ደብዳቤ ስጽፍለት ተዋወቅን። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጫማው ሁሌም ጭቃ። ካንቺ ሞት በኋላ ስለመጣ የሚያውቀው ሻሼን ብቻ ነው። ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ሲነግረኝ ምን አለ መሰለሽ? «ለእናቷ እንዲህ የምትሆን ሴት አላየሁም። ከልሽን እስክታወልቂ እጠብቃለሁ፣ አልቸኩልም።» እማዬ፣ ሰው ባለመቸኮሉ እንዲህ ያስጨንቃል? በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከቢታ ይመጣል፣ መናኸሪያው ዳር ሻይ እንጠጣለን፣ ሻሼን በአክብሮት ያየዋል፣ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ሻሹ ሲወልቅ የሚያየውን እያሰብኩ ሻዬ ይቀዘቅዛል። ከሌን ባወልቅ እሱን አጣለሁ፣ ካላወለቅሁም አላገኘውም። በዚህ ላይ ተሰቅዬ ከረምኩ።

ያወረደችኝ እኅትሽ ናት።

አክስቴ አየለች ሰኔ መጨረሻ ላይ ከማንኪራ መጣች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ጭቃ። እንሰት ቅጠል ውስጥ ቅቤ ጠቅልላ ይዛለች። «የእኅቴ ልጅ በሐዘን ልትሞት ነው አሉኝ» ብላ ገባች። ሰፈሩ ሰምቶ ኖሮ እትዬ ሙሉም ሌሎቹም ተከትለው ገቡና ቤቱ ሞላ። አክስቴን ደግሞ እምቢ አይባልም፤ ያንቺ ታላቅ ናት፣ ያሳደገችሽ እሷ ናት። ዱካሽን ከማዕዘኑ አንስታ ተቀመጠችበት። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም ነበር። «ነይ» አለችኝ። ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠኋት።

ቋጠሮውን ስትፈታው ሻሼን ያዝኩ። እጄን ቀስ ብላ አነሳችው። ሻሹ ወረደ። ፀጉሬ ከተላጨሁት ወዲህ ዳር ዳሩ በቅሏል፣ መሐሉ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ብሷል። እትዬ ሙሉ «በስመ አብ! ሐዘን ነው እንዲህ ያደረጋት!» አሉ። እኔ ፊቴን ጉልበቴ ውስጥ ቀበርኩ። አሁን አለቀ፣ ነገ ቦንጋ ሁሉ ይሰማል፣ ከነገ ወዲያ ቢታ ይደርሳል ብዬ አሰብኩ።

አክስቴ በዚያ ከካፊኖኖ ጋር በተጋባ አማርኛዋ «ሐዘን አይደለም» አለች። ከዚያ «ዙሪ፣ እዪኝ» አለችኝ። ስዞር የራሷን ሻሽ እየፈታች ነው። ያን ዕድሜ ልኳን ከራሷ ወርዶ የማያውቀውን ሻሽ። እማዬ፣ አናቷ ባዶ ነው። ከጆሮዋ በላይ ዙሪያውን ጥቂት ሽበት፣ መሐሉ እንደ እኔው፣ ከእኔም የባሰ። «ሃያ ሲሆነኝ ጀመረኝ» አለች። «እናታችንም ይኸው ነበረች። አባታችን ሲቀልድባት አይቼ እኔ ደበቅሁ። ባሌ ሞተ፣ አላየም። ልጆቼ አላዩም።»

«እማዬስ?» አልኳት።

«እሷ አታውቅም። እናታችን ስትሞት ገና ትጠባ ነበር። የእሷ ፀጉር በአባታችን ወጣ። ምን ብዬ እነግራታለሁ?»

ያን ጊዜ ስለ ጅማው ሐኪም ነገርኳት። በቤተሰብ አለ ወይ ብሎ እንደጠየቀሽ። ምን ብለሽ እንደመለስሽ። ከዚያ በኋላ እጅሽ አናቴን ነክቶ እንደማያውቅ። ስነግራት ጉልበቷን መታች፣ ደግማ መታች። «እኔ ሻሽ ሳስር እሷ እጇን አሰረች» ብላ ጮኸች። አንቺ በተቀበርሽበት ቀን እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። እኔም አለቀስኩ። ሴቶቹም አለቀሱ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እማዬ፣ ምንም ሳልደብቅ አለቀስኩልሽ።

ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና ቅቤውን አወጣች። ሹሩባ አልሠራችም፤ የሚሠራ የለማ። በጣቶቿ መሐል አናቴን ቀባችው፣ ቀስ እያደረገች፣ ዳር ዳሩንም። የሰው እጅ አናቴን ከነካው ስንት ጊዜው! እትዬ ሙሉ እንኳ እስከዛሬ ያላሉትን አሉ፤ የእሳቸውም ልጅ አዲስ አበባ ሰው ሠራሽ ፀጉር የምታስቀጥለው ለፋሽን አይደለም አሉ። አንዷ የግንባሯን ዳር አሳየች። ስንት ሻሽ ምን ይዞ ኖሯል መሰለሽ።

አባዬ በዚህ መሐል ገባ። ሴቶቹ ሊሸፍኑኝ ሲሉ አክስቴ ከለከለቻቸው። አናቴን አየ። ብዙ አየ። ከዚያ ከብብቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ፤ አረንጓዴ ቀሚስ ነው። ለዓመትሽ ሰፍቶት ሳላወልቅ ስቀር ደብቆት ኖሯል። «ልኩን ከድሮ ልብስሽ ነው የወሰድኩት፤ ከጠበበሽ አሰፋዋለሁ» አለና ወጣ። በረንዳው ላይ ሲናፈጥ ሰማነው።

ቅዳሜ ጥዋት ያን ቀሚስ ለብሼ፣ ራሴን ገልጬ መናኸሪያ ሄድኩ። ካፊያ ነበር። ሰው ዞር ብሎ አየኝ፣ አንዳንዱ ሁለቴ። ለአንዳንዱ ሰላምታ ሰጠሁት፣ አፈረ። የቢታው አውቶቡስ ገባና ግርማ ወረደ። መጀመሪያ አላወቀኝም። ካወቀኝ በኋላ ቆመ። እኔም የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ረሳሁና «ሻሹ ለእናቴ ብቻ አልነበረም። ይኸው። ይኼ ነው ሥሩ የነበረው። አያቴም አክስቴም እንዲህ ናቸው፣ ስለዚህ አይመለስም» አልኩት በአንድ ትንፋሽ። እሱ ጭቃውን አየ፣ እኔን አየ። ምላሱ ያልተፈታ ሰው መሆኑን ነግሬሻለሁ። በልቤ አውቶቡሱ መልሶ ይውሰደው ብዬ ነበር። ከዚያ «እኔ እኮ» አለ፣ «ሐዘንሽ እንዳይጨርስሽ ነበር የፈራሁት። ሌሊት ተነስቼ የማስበው እሱን ነበር።» ጃንጥላውን ዘርግቶ በላዬ ያዘና «በዚህ ዝናብ ራስሽን ገልጠሽ፣ አይበርድሽም?» አለኝ። እሱ ግን ግማሽ ትከሻው ውጭ ቀርቶ ረጠበ። ሻያችንን ጠጣን። ሽማግሌ ከመስቀል በኋላ ይልካል።

መሥሪያ ቤት ሰኞ ራሴን ገልጬ ገባሁ። ኃላፊያችን በሚቀጥለው ግምገማ «እኅት ብርቅነሽ የተሰጣትን ሂስ ተቀብላ ተጨባጭ ለውጥ አምጥታለች» ብለው አስመዘገቡልኝ። ብትኖሪ ይኼን ስነግርሽ ኮረሪማሽን ትደፊው ነበር።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል አልልሽም። አንዳንድ ጠዋት መስታወቱን ግድግዳው ላይ አዙሬ እወጣለሁ። ሠርግ ላይ ምን ታደርጊያለሽ የሚለኝ ሰው አለ። አንዳንድ ቀንም ሻሽ አስራለሁ፣ የፈለግሁት ቀለም፣ ሲበርደኝ። ፀጉሬን እንደ ልጅነቴ እወደው ነበርና ይናፍቀኛል። አክስቴ ግን ከዚያ ወዲህ ማንኪራ ገበያ ራሷን ገልጣ ትሄዳለች አሉ፤ በዚያ ዕድሜዋ ዝናቡ ይመታታል ብዬ ሰጋሁ።

እማዬ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ያደረግሽው ምንም አልነበረም። ስትጎትችኝ አመመኝ፣ አለቀስኩ፣ ያ እውነት ነው፤ ፀጉሬን የወሰደው ግን እጅሽ አይደለም። ከእናትሽ የመጣ ነው፣ አንቺን ዘሎ እኔን ያገኘኝ። ጅማ ላይ ያን አውቀን ቢሆን ኖሮ እየሳቅን እንመለስ ነበር፣ ሰሌኑም አይታጠፍም ነበር። እነዚያ ሁለት ዓመታት እሁዶቻችን በከንቱ ሄዱ። ስለ ፀጉሬ ካለቀስኩት ይልቅ ስለ እነሱ አለቅሳለሁ።

ሴት ልጅ ብወልድ ፀጉሯን እሠራላታለሁ፣ አላልቼ። ቢሳሳም ባይሳሳም ገና በልጅነቷ አናቴን አሳያታለሁ፣ የአክስቴንም እነግራታለሁ፣ ማንም ሐኪም ሲጠይቃት የምትመልሰው እንዳታጣ። ያንቺንም እጅ እነግራታለሁ።

እስከዚያ ድረስ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዱካሽን አወጣለሁ፣ ሰሌኑን አነጥፋለሁ፣ ጀርባዬን ለዱካው ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ቅቤውን ራሴ እቀባለሁ። ከዚያ ያን ቀን ሾርባ ሳጠጣሽ እንዳደረግሁት አናቴን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ትንሽ እቆያለሁ። ያቋረጥሽውን ጨርሺው፣ እማዬ። አሁን ታውቂያለሽ፤ ምንም አትጎጂኝም።

ልጅሽ ብርቄ
ቦንጋ